ከቤት አጠገብ ያለው ጠባብ መንገድ የማን ነው? የተራራ ብስክሌትና የሰፈር ፓርኮች ክርክር

በዩናይትድ ስቴትስ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ ካውንቲዎች ቅዳሜ ማለዳ የፓርኮች መኪና ማቆሚያ ፈጥኖ ይሞላል። አንዱ ውሻውን ይዞ ይወርዳል። ሌላዋ የልጇን እጅ ይዛ ወደ ጫካው ታመራለች። ሦስተኛው ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌቱን ከመኪናው ጀርባ ፈትቶ ያወርዳል። ሁሉም የሚገቡት ግን በአንድ መንገድ ነው። መንገዱም ብዙ ጊዜ ስፋቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ፣ በዛፎች መካከል የሚጠማዘዝና ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ የአፈር መንገድ ነው።

የተራራ ብስክሌት በስሙ ተራራን ቢጠራም፣ አብዛኛው ሰው ስፖርቱን የሚያዘወትረው በራቁ ተራሮች ላይ አይደለም። ከሥራ መልስ ወይም በእረፍት ቀን፣ ከቤቱ ብዙም በማይርቅ የሕዝብ ፓርክ ውስጥ ነው። የክርክሩም መነሻ ይኸው ቅርበት ነው። በሰፈር ፓርክ ውስጥ እግረኛው፣ ሯጩ፣ አዛውንቱ፣ ፈረሰኛውና ብስክሌተኛው የሚጋሩት መሬት ጠባብ ነው። ጫካው የአጋዘንና የወፎች መኖሪያም ነው። ታዲያ በዚህ መንገድ ላይ ማን ይለፍ፣ ማንስ ይከልከል?

ጥያቄው በአሜሪካ ከአርባ ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። ዛሬ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚታገዙ ብስክሌቶች መበራከት እንደገና አግሎታል። ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ የጎማና የእግር ጠብ ይመስላል። የአርባ ዓመቱ ተሞክሮ ሲመረመር ግን ውጤቱን የወሰኑት በዋናነት ሁለት ነገሮች ሆነው ይገኛሉ፦ የመንገዱ አሠራር እና ውሳኔ በሚሰጥበት ጊዜ ተገኝቶ ድምፁን ያሰማው ወገን።

ከአንድ ቁልቁለት የተጀመረ ስፖርት

ስፖርቱ ዘመናዊ መልኩን ከያዘባቸው ቦታዎች ዋነኛው በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን የሚገኘው ማሪን ካውንቲ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአካባቢው የነበሩ ወጣት ብስክሌተኞች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠገኑ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ባሉ የእሳት አደጋ መከላከያ መንገዶች ቁልቁል ይወርዱ ነበር። እ.አ.አ በጥቅምት 1976 ፌርፋክስ በምትባለው ትንሽ ከተማ አቅራቢያ የመጀመሪያውን የቁልቁለት ውድድር አካሄዱ። ውድድሩ «ሪፓክ» የሚለውን ስም ያገኘው ከፍሬኑ ነው። በኋላ ጎማ ውስጥ ያለው ፍሬን በቁልቁለቱ ርዝመት ከመጋሉ የተነሳ ግራሶው ተቃጥሎ ያልቅ ስለነበር፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ተፈትቶ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ይል ነበር።

ከዚያ ቡድን መካከል እንደ ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝ፣ ቶም ሪቺና ቻርሊ ኬሊ ያሉት በኋላ በኢንዱስትሪው ታዋቂ ሆነዋል። ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ዓላማ ብቻ የታሰበ ብስክሌት ሠራ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጃምፐር የተሰኘውን ሞዴል በብዛት አምርቶ ለገበያ አቀረበ። ስፖርቱ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ የሜዳሊያ ውድድር ሲሆን፣ ከመጀመሪያው የሪፓክ ውድድር ወዲህ ያለፈው ሃያ ዓመት ብቻ ነበር።

እገዳው የመጣውም እንዲሁ በፍጥነት ነው። እግረኞችና ፈረሰኞች ከኋላቸው ድምፅ ሳያሰማ ስለሚደርስባቸው ብስክሌት አቤቱታ ማሰማት ጀመሩ። የማሪን አስተዳዳሪዎች ጠባቦቹን መንገዶች ዘግተው ብስክሌተኞችን በሰፋፊዎቹ የእሳት አደጋ መከላከያ መንገዶች ወሰኗቸው። በእነዚህም ላይ በሰዓት 15 ማይል፣ ማለትም 24 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የፍጥነት ገደብ ተጣለ። ሰው ሲያልፉና በማይታይ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ገደቡ 5 ማይል ሆነ። የፓርክ ጠባቂዎች በጫካ ውስጥ የፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ይዘው ቅጣት እስከ መጻፍ ደረሱ።

በፌዴራል ደረጃም በሩ ጠበበ። በ1964 የወጣው የዱር አካባቢዎች ሕግ በተከለሉ አካባቢዎች «ሜካኒካዊ መጓጓዣ» እንዳይገባ ይከለክላል። የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በ1984 ክልከላው ብስክሌትንም እንደሚጨምር ግልጽ አደረገ። የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በበኩሉ በ1987 ባወጣው ደንብ ብስክሌት በፓርክ መንገዶችና በመኪና ማቆሚያዎች እንዲፈቀድ፣ ከእነዚህ ውጭ ባሉ የአፈር መንገዶች ላይ ግን ተለይቶ ካልተፈቀደ በቀር እንዲከለከል ወሰነ። ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር በ1988 የተቋቋመው በዚህ የእገዳ ማዕበል መካከል ነው። ማኅበሩ ከተከራካሪነት ባሻገር የመረጠው ስልት አካፋና ዶማ ማንሳት ነበር።

አፈሩ ምን ይላል?

ብስክሌት እንዲከለከል የሚጠይቁ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ምክንያት የአፈር መሸርሸር ነው። ጎማ አፈሩን ያርሳል፣ ዝናብ ሲመጣ የጎማው ፈለግ የጎርፍ ቦይ ይሆናል፣ መንገዱ ይሰረጎዳል፤ መከራከሪያው ይህ ነው። ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም፣ የተደረጉት ጥናቶች ብስክሌትን ብቻውን ተጠያቂ አያደርጉም።

በ1994 በሞንታና ግዛት በተራራ መንገዶች ላይ የተደረገ የመስክ ሙከራ የፈረስን፣ የእግረኛን፣ የሞተር ሳይክልንና የብስክሌትን ጉዳት አነጻጽሮ ነበር። በሙከራው ከጎማ ይልቅ ኮቴና የሰው እግር ብዙ አፈር አላቅቀው ለመታጠብ አጋልጠዋል። በ2001 በካናዳ ኦንታሪዮ የታተመ ጥናት ደግሞ ብስክሌትና የእግር ጉዞ በዕፅዋትና በአፈር ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ተቀራራቢ መሆኑን አሳየ። በቴነሲና በኬንተኪ ድንበር በሚገኘው በቢግ ሳውዝ ፎርክ የተደረገውና በ2006 የወጣው ጥናት በበኩሉ እጅግ የተጎዱት ፈረሶች የሚመላለሱባቸው መንገዶች፣ በጣም አነስተኛ ጉዳት የታየባቸው ደግሞ የብስክሌት መንገዶች መሆናቸውን አመለከተ።

ከእነዚህ ጥናቶች የሚወጣው ትምህርት ብስክሌት ጉዳት የለውም የሚል አይደለም። መንገዱን የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ ውሃ ነው የሚል ነው። በቀጥታ ቁልቁል የተቀደደ መንገድ ማንም ቢሄድበት ይሸረሸራል። የተዳፋቱን ወገብ ይዞ የሚዞር፣ ውጫዊ ጠርዙ በጥቂቱ ያዘነበለ መንገድ ግን ውሃውን ወደ ጎን ያፈሳል እንጂ አያከማችም። መንገድ ሠሪዎች የሚመሩበት ቀላል ደንብም አለ። የመንገዱ አቀበትነት ከኮረብታው ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ በአማካይም ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይመከራል። በየርቀቱም ውሃው እንዲወጣ መንገዱ በጥቂቱ ወርዶ መልሶ እንዲነሳ ይደረጋል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ እርከን የሠራ ገበሬ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። ጎርፍን በፊት ለፊት ማገድ ሳይሆን ኃይሉን ከፋፍሎ መስደድ የኖረ ጥበብ ነው።

ስለዚህም ብዙ ፓርኮች መንገዱን ለብስክሌት ክፍት አድርገው ዝናብ ከዘነበ በኋላ ግን ይዘጉታል። የረጠበ አፈር ላይ የሚያልፍ ጎማ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመጠገን የብዙ ሰዎች የሥራ ቀን ያስፈልጋል። በክረምት ማለዳ በውርጭ የጠጠረ መሬትም ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ጭቃ ይለወጣል። ልምድ ያላቸው ብስክሌተኞች በእንዲህ ያለው ቀን ከቤት አለመውጣትን የሥነ ምግባር ጉዳይ አድርገው ያዩታል። ሁሉም ግን ልምድ ያለው አይደለም።

ፍርሃትና አራዊት

የአፈሩ ጉዳይ በጥሩ አሠራር ሊፈታ ቢችልም፣ ቀላል መልስ የሌላቸው ሁለት ጥያቄዎች ይቀራሉ።

የመጀመሪያው የሰው ደኅንነት፣ ይልቁንም የደኅንነት ስሜት ነው። አንድ የሰባ ዓመት አዛውንት በየማለዳው ለጤናቸው በሚሄዱበት መንገድ ላይ ብስክሌት አንድ ጊዜ በክንዳቸው ሥር ሽው ብሎ ካለፈ፣ ምንም ጉዳት ባይደርስባቸውም፣ ወደዚያ መንገድ ላይመለሱ ይችላሉ። ይህ በአደጋ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ለእርሳቸው ግን መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። የተለመደው የመተላለፍ ሥርዓት ብስክሌተኛው ለሁሉም፣ እግረኛው ደግሞ ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ በምልክት ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ቀላል፣ በማይታይ መታጠፊያ ላይ ለማክበር ግን አስቸጋሪ ነው። ለዚህ ነው የመንገድ ነዳፊዎች ፍጥነትን በማስጠንቀቂያ ብቻ ከመቆጣጠር ይልቅ በአሠራር መግታትን የሚመርጡት። መታጠፊያ ማብዛት፣ ወደ መስቀለኛ ቦታ ከመድረስ በፊት አጭር አቀበት ማስገባት፣ እይታን የሚጋርድ ቁጥቋጦ መመንጠር፣ ሰው በሚበዛበት ፓርክ ብስክሌቶች በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄዱ ማድረግ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ የዱር አራዊት ነው፤ በዚህ ረገድ የጥናቶቹ ውጤት የተለያየ ነው። በዩታ ግዛት በአንቴሎፕ ደሴት ተደርጎ በ2003 የወጣ ጥናት ጎሽና አጋዘንን ጨምሮ በዚያ የሚኖሩ እንስሳት ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚያሳዩት ምላሽ ብዙም እንደማይለያይ አሳይቷል። በኦሪገን የተደረገውና በ2018 የወጣው ጥናት ደግሞ ኤልክ የተባሉት ትልልቅ አጋዘኖች ከእግረኞችና ከፈረሰኞች ይልቅ ከብስክሌተኞች ይበልጥ እንደሚሸሹ አመልክቷል። የበለጠ የሚሸሹት ባለ አራት ጎማ ሞተሮችን ብቻ ነው። ብስክሌተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከእግረኛ ይልቅ ረጅም ርቀት ስለሚሸፍን፣ በአንድ ቀን የሚያውካቸው እንስሳት ቁጥርም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የጫካ ክፍል ይከፈት የሚለው አቋም በሳይንስ ሊደገፍ አይችልም። አንዳንድ ቦታ ከሰው ሁሉ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ብስክሌተኞች ራሳቸው ክርክሩን ያበላሹበት ጊዜም አለ። ፈቃድ ሳይጠይቁ በሌሊትም በቀንም በጫካ ውስጥ መንገድ የሚቀዱ፣ መዝለያ የአፈር ቁልል የሚሠሩ ሰዎች በብዙ ፓርኮች ታይተዋል። እንዲህ ያለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የውሃውን አቅጣጫ ሳያጠና የተቀደደ ስለሆነ ፈጥኖ ይሸረሸራል። ለተቃዋሚዎችም የማያከራክር ማስረጃ ይሆናል። ይሁንና የፓርክ ኃላፊዎች እንደሚያውቁት፣ ሕጋዊ መንገድ ፈጽሞ በሌለበት አካባቢ ሕገ ወጡ ይበዛል። ክልከላ ብቻውን ፍላጎቱን አያጠፋውም፤ ከዓይን ወደ ተሰወረ ቦታ ይገፋዋል።

የዋሽንግተን አካባቢ ሁለት መልኮች

የኢትዮጵያ ተወላጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች ግንባር ቀደም የሆነው የዋሽንግተን ዙሪያ የክርክሩን ሁለት መልኮች ጎን ለጎን ያሳያል።

አንደኛው በከተማዪቱ እምብርት ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ነው። በ1890 የተቋቋመው ይህ የፌዴራል ፓርክ ለብስክሌት ጠባቦቹን የአፈር መንገዶች ዘግቷል። በአስፋልት ላይ ግን ተቃራኒው ሆኗል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ለመኪና ተዘግቶ የነበረው የቢች ድራይቭ ሰሜናዊ ክፍል ለእግረኛና ለብስክሌተኛ እንደተተወ እንዲቆይ የፓርኩ አስተዳደር በ2022 ወስኗል። ያ ውሳኔ የተሰጠው ብዙ ነዋሪዎች በጽሑፍና በስብሰባ አስተያየታቸውን ከሰጡ በኋላ ነው።

ሁለተኛው መልክ በካውንቲና በክልል ፓርኮች የሚታየው ነው። በቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ብዙም በማይርቀው አናንዴል፣ የዌክፊልድ ፓርክ የብስክሌት መንገዶች ከዋሽንግተን ቀለበት አውራ ጎዳና አጠገብ፣ በኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮች ሥርና በዛፎች መካከል ይጠማዘዛሉ። የመኪናው ጩኸት ይሰማል፤ ሆኖም ከሥራ የወጣ ሰው ከመጨለሙ በፊት አንድ ዙር ሊያደርግበት ይችላል። በሜሪላንድ ጀርመንታውን አካባቢ በሴኔካ ክሪክ ፓርክ ውስጥ የሚገኙት የሼፈር እርሻ መንገዶች በእርሻ ማሳና በጫካ መካከል የሚዞሩ ናቸው። የእነዚህ መንገዶች ታሪክ በ1992 ከተቋቋመው የአካባቢው ብስክሌተኞች ማኅበር ጋር የተሳሰረ ነው። በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ሞር» የሚባለው ይህ ማኅበር በጎ ፈቃደኞችን አሰባስቦ መንገድ ይሠራል፣ የወደቀ ዛፍ ያነሳል፣ ቦይ ይጠርጋል።

ከሁሉም በላይ ትርጉም ያለው ግን በሎርተን የሚገኘው የሎሬል ሂል መሬት ነው። ቦታው ለአብዛኛው የሃያኛው ክፍለ ዘመን የዋሽንግተን ዲሲ እስር ቤት ነበር። በ1917 የመምረጥ መብት የጠየቁ ሴቶች የታሰሩትም በዚሁ ግቢ አካል በነበረው በኦኮኳን ነው። እስር ቤቱ በ2001 ተዘጋ። መሬቱ በማግሥቱ ዓመት ወደ ፌርፋክስ ካውንቲ ተላለፈ። ዛሬ በአሮጌዎቹ የጡብ ሕንፃዎች አካባቢና እስረኞች ያርሱት በነበረው ሜዳ ላይ ብስክሌተኞች፣ እግረኞችና ፈረሰኞች የሚጋሯቸው መንገዶች ያልፋሉ። ለአሥርት ዓመታት አጥር የነበረው ቦታ ለሰፈሩ ሁሉ መመላለሻ ሆኗል።

በሁለቱ መልኮች መካከል ያለውን ልዩነት አፈርና ዛፍ ብቻ አያስረዱትም። የፌዴራሉ ፓርክ ደንቡን ለመለወጥ ረጅም ሥርዓት ይጠይቀዋል። ካውንቲው ግን የራሱ የፓርክ ቦርድ፣ ነዋሪው በድምፁ የሚያጸድቀው የፓርክ ቦንድ፣ ለእያንዳንዱ ፓርክም የሕዝብ አስተያየት የሚሰበሰብበት ዕቅድ አለው። ብስክሌተኞቹ እዚያ ስብሰባ ላይ ሲቀርቡ ጥያቄ ብቻ ይዘው አልመጡም። በአካፋ የሠሩበትን ሰዓት ቆጥረው ነው የመጡት። የፓርክ በጀት ሁልጊዜ አጭር ነው፤ ያለ ክፍያ መንገድ የሚጠግን ቡድን ያለው ወገን ደግሞ በአስተዳዳሪዎች ዘንድ ይደመጣል። በሀገር ቤት ደቦ የሚባለው ሥርዓት እዚህ የፖለቲካ ጉልበት ሆኗል ማለት ይቻላል።

ስፖርቱ በተወለደበት በማሪን ግን ነገሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲጓተት ቆይቷል። የውሃ አገልግሎቱ ቦርድ በ2024 በታማልፓይስ ተራራ ላይ አንዳንድ ጠባብ መንገዶችን ለብስክሌት በሙከራ ለመክፈት ሲወስን፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ቡድኖች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል። ቀድሞ መነጋገር ባልተቻለበት ቦታ ክርክሩ ትውልድ ይሻገራል።

የኤሌክትሪኩ ብስክሌት ያመጣው አዲስ ጥያቄ

ብስክሌተኞችና እግረኞች ተቻችለው መኖር በጀመሩባቸው ፓርኮች ሳይቀር ሰላሙን የሚፈትነው ባትሪ ነው። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የኤሌክትሪክ ብስክሌቶችን በሦስት ምድብ ይከፍላሉ። አንደኛው ሰው ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 20 ማይል፣ ማለትም 32 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን የሚያቆም ነው። ሁለተኛው ፔዳል ሳይመታም በመዘውር እስከዚያው ፍጥነት የሚሄድ ነው። ሦስተኛው እስከ 28 ማይል፣ ወይም 45 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚያግዝ ነው። ከዚህ ውጭ ምድቡን አልፈው የሚሸጡ፣ ከሞተር ሳይክል የማይለዩም አሉ።

የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2019 ባወጣው ትእዛዝ መደበኛ ብስክሌት በሚፈቀድባቸው የፌዴራል ፓርክ መንገዶች የኤሌክትሪኩም እንዲፈቀድ መንገዱን ከፈተ። በ2020 የወጣው ደንብ ደግሞ ውሳኔውን ለየፓርኩ ኃላፊዎች ሰጠ። የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ግን እነዚህን ብስክሌቶች የሚመድበው ከሞተር ተሽከርካሪዎች ጋር ነው። ካውንቲዎች በበኩላቸው የተለያየ ደንብ አላቸው፤ በአስፋልት የተፈቀደው በአፈር መንገድ ላይ የሚከለከልበት ቦታ ብዙ ነው።

በዚህ ጉዳይ ብስክሌተኞች ራሳቸው ተከፋፍለዋል። ለአርባ ዓመታት «እኛ ሞተር የለንም» ብለው የተከራከሩ ሰዎች፣ ሞተር ያለው ብስክሌት በእነርሱ ስም ሲገባ ያገኙትን ፈቃድ እንዳያሳጣቸው ይፈራሉ። በሌላ በኩል ጉልበቱ የታመመ፣ ልቡ የደከመ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው አቀበቱን ከልጁ እኩል ሊወጣ የሚችለው በዚያች ባትሪ ብቻ ነው። ፈቃጁ አካል ሁለቱን ለመለየት መሞከሩ ተገቢ ነው። ችግሩ የፓርክ ጠባቂ በጫካ ውስጥ ቆሞ የአንዱን ብስክሌት ምድብ ከሌላው በዓይኑ ለመለየት መቸገሩ ነው። ለዚህም ስለ ማሽኑ ከሚደነገገው ይልቅ ስለ ፍጥነትና ስለ ጠባይ የሚደነገገው ሕግ ለአፈጻጸም ይቀላል የሚለው ሐሳብ ክብደት እያገኘ ነው።

ሌሎች አገሮች እንዴት ፈቱት?

ጥያቄው የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖሩ የአማርኛ ተናጋሪዎችም በየአሉበት የሚያጋጥማቸው ሕግ የተለያየ ነው። በእንግሊዝ የ1968ቱ የገጠር አካባቢዎች ሕግ ብስክሌት በፈረስ መንገዶች እንዲያልፍ ፈቅዶ፣ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል፤ በእግረኛ መንገዶች ላይ ግን ይህ መብት የለም። ስኮትላንድ በ2003 ባወጣችው ሕግ ከዚህ ርቃ ሄደች። በኃላፊነት እስከተጓዘ ድረስ ማንኛውም ሰው በእግርም በብስክሌትም በአብዛኛው መሬት ላይ የመመላለስ መብት አለው። በጀርመን የባደን-ቩርተምበርግ ክልል ደግሞ በተቃራኒው ስፋቱ ከሁለት ሜትር በታች በሆነ የጫካ መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳትን በመርኅ ደረጃ ከልክሏል፤ የተለየ ፈቃድ የሚሰጥባቸው መንገዶች ብቻ ይቀራሉ።

በእስራኤል የቤን ሸመን ጫካ ለብስክሌት ተብለው በተሠሩ ጠባብ መንገዶቹ ይታወቃል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በሐታ ተራሮች የተዘጋጁት መንገዶች እንደ በረዶ ሸርተቴ ስፍራዎች በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም በክብደታቸው ተለይተዋል። በሁለቱም ቦታዎች ብስክሌተኛው ከሌላው ጋር በአንድ መንገድ ከመጋፋት ይልቅ የራሱ መንገድ ተሰጥቶታል። መሬት ሰፊ ለሆነበት ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው። በከተማ መካከል ላለ ፓርክ ግን አይበቃም፤ እዚያ መጋራት ግዴታ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ከእግር መንገዶቹ ጎን የብስክሌት መንገዶችም አሉት። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን የእንጦጦ ቀጫጭን መንገዶች ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ምእመናንና የሩጫ ልምምድ የሚያደርጉ አትሌቶች መመላለሻ ነበሩ። ተራራው መዝናኛ ሲሆን ቀድሞ በእግሩ የሚያልፈው ሰው ቦታው የት ነው የሚለው ጥያቄ እዚያም ይነሳል።

በስብሰባው አዳራሽ ማን ተቀምጧል?

በጥር 2025 በፕሬዚዳንት ጆ ባይደን የተፈረመው የመዝናኛ ስፍራዎች ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ ቢያንስ 10 ረጃጅም የብስክሌት መንገዶች እንዲለዩ ያዛል። ይህ ለስፖርቱ ትልቅ እውቅና ነው። የአንድን ቤተሰብ ቅዳሜ የሚወስነው ግን ዋሽንግተን የሚፈረመው ሕግ አይደለም፤ የካውንቲው የፓርክ ቦርድ ማክሰኞ ምሽት የሚያደርገው ስብሰባ ነው። የትኛው መንገድ ለማን እንደሚከፈት፣ የትኛው በዝናብ ቀን እንደሚዘጋ፣ የሕጻናት መለማመጃ የት እንደሚሠራ እዚያ ይወሰናል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በእንዲህ ያለው ስብሰባ የሚገኘው ምሽቱን ነጻ የሆነ፣ ቋንቋውን የሚችል፣ ስብሰባው መኖሩንም አስቀድሞ የሰማ ሰው ነው። በሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ታክሲ የሚነዳ ወይም በሆስፒታል ሌሊት የሚያድር ሰው ግብሩን ከፍሎ ለፓርኩ ድርሻውን ቢያዋጣም ድምፁ አይሰማም። ውሳኔውም በተገኙት ሰዎች ልክ ይሰፋል። ይህ ብስክሌት የሚነዳውንም የማይነዳውንም ይመለከታል። ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር የምትፈልግ እናት፣ ብስክሌት የሚፈራ አባት፣ በትምህርት ቤቱ የተራራ ብስክሌት ቡድን ለመግባት የሚሻ ልጅ፣ ሁሉም በዚያ አዳራሽ ጉዳይ አላቸው። በሰሜን ካሊፎርኒያ በ2001 የተጀመረውና በ2009 ወደ ብሔራዊ ማኅበር ያደገው የተማሪዎች ውድድር በብዙ ግዛቶች ተስፋፍቷል። ብስክሌቱ ውድ መሆኑ ግን ለብዙ ቤተሰቦች በሩን ያጠበዋል።

መግቢያ በር ግን የለም ማለት አይደለም። የካውንቲ ፓርኮች ዕቅድ ሲያወጡ አስተያየት በጽሑፍ ይቀበላሉ፤ ምሽት አዳራሽ መገኘት ግዴታ አይደለም። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የአማርኛ ተናጋሪዎች በቋንቋቸው አገልግሎት እንዲያገኙ ከሚገደድባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የአጎራባቿ የሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲም ለነዋሪዎቹ መረጃ ከሚያወጣባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ይገኛል። አንድ ፓርክ አጠገብ የሚኖር ሰው በአራት መስመር «በዚህ መታጠፊያ ላይ ብስክሌት አይታይም፣ ልጆቼ ይፈራሉ» ወይም «ይህን መንገድ ለብስክሌት ክፈቱልን» ብሎ ቢጽፍ፣ ጽሑፉ በመዝገብ ይገባል፤ ዕቅድ አውጪዎቹም ሊያዩት ይገባል።

የአርባ ዓመቱ ክርክር ያረጋገጠው አንድ ነገር ቢኖር ጠባቡ መንገድ ለሁሉም ሊበቃ እንደሚችል ነው። ለዚህም ውሃውን የሚያሳልፍ አሠራር፣ ፍጥነትን የሚገታ መታጠፊያ፣ ለአራዊት የተተወ ቦታና ለደካማው ቅድሚያ የሚሰጥ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ብስክሌተኞች ያገኙት ፈቃድ በአንድ ውሳኔ የተሰጣቸው አልነበረም። በዝናብ ማግሥት ቦይ ለመጥረግ የወጡት፣ ከሚቃወሟቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡት ናቸው ያገኙት። እግረኛውም ቢሆን መንገዱን የሚጠብቀው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ በዋሽንግተን ዳርቻ ባለ ፓርክ ውስጥ አንዲት ልጅ ብስክሌቷን ወደ ጎን አቁማ «ይለፉ እማማ» ብላ ለአንዲት አሮጊት መንገድ ብትለቅ፣ የዓመታቱ ክርክር የሚፈልገው መፍትሔ በዚያች ቅጽበት ተፈጽሟል። የቀረው ሥራ ያ መንገድ ለሁለቱም በሚያመች መልክ መሠራቱን ማረጋገጥ ነው።